የሁለት ኮምፒዩተሮች ኅዳር ሚካኤል

ባለፈው የፀደይ ወራት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፍራንክፈርት ውስጥ በማይን ወንዝ ዳር በሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ መካከል ሳልፍ አንድ ሽታ አስቆመኝ። የጋለ ፕላስቲክና ብዙ ዘመን የተኛ አቧራ አንድ ላይ ሲሞቁ የሚሰጡት ሽታ ነው። ሻጩ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ከትንሽ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ፣ አሁንም እንደሚሠራ ለገዢ ለማሳየት አብርቶታል። ከቡናማ ሣጥኑ ፊት አንድ ሽማግሌ አጎንብሶ የፊደል ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይጫናል። ቀና ሲል አወቅሁት፤ ጌታነህ ነበር። በአንድ ከተማ እየኖርን ከሠላሳ ዓመት በላይ አልተነጋገርንም። በእነዚያ ዓመታት ሁለት ጊዜ በትራም መስኮት አይቼው ሁለቱንም ጊዜ ፊቴን ወደ ሌላ አዙሬአለሁ። እርሱ ግን ትናንት የተለያየን ይመስል፣ «ዶክተር፣ ሸመታ ወጣህ?» አለኝ። ቤቱ ያለው የዚሁ ዓይነት ማሽን የሰባት ቁጥር ቁልፉ እንደወለቀ፣ ለመለዋወጫ ሌላ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ለሻጩ አሥር ዩሮ ሰጥቶ ዕቃውን በፌስታል ካስገባ በኋላ፣ ኒድ በተባለው ሰፈር እንደሚኖር፣ ጡረታ እንደወጣና አንድ የሚያስቸግረው ነገር እንዳለ አጫወተኝ። «ከአንተ በቀር የሚያውቀው ሰው በሕይወት የለም፤ ብትመጣ ደስ ይለኛል» አለ። እሺ አልሁ።

የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን የመታሰቢያ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ድሮው ዘመን እንድጽፍ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል። ሁለቱንም ጊዜ ሥራ ይበዛብኛል ብያለሁ፤ ጡረታ የወጣ ሰው እንዲህ ሲል ማንም አያምነውም። እውነቱ ግን የዚያን ዘመን ነገር ሳልነካው የተውሁት በአንድ ምክንያት መሆኑ ነው፤ ምክንያቱንም ከዚህ በታች አስቀምጠዋለሁ።

ያኔ ገንዘቡ ማርክ ነበር። ትራሙ ቀለሙ ሌላ ነበር። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ባለው መንገድ አንድ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ ከመሐሉ ቋሊማ ጨምረው በሁለት ማርክ ይሸጡ ነበር፤ እኛ ጾመኞቹ ቋሊማውን አስወጥተን በሰናፍጩ ብቻ እንበላለን፤ ሻጯ ሴትዮ ግን ከዋጋው አንድ ሳንቲም አትቀንስም። ወንዶቹ ሁላችንም ማለት ይቻላል ከአሮጌ የወታደር ልብስ መሸጫ የተገዛ አረንጓዴ ካፖርት ለብሰን እንሄዳለን፤ ከሩቅ ሲያዩን ተሸንፎ የተመለሰ ጦር እንመስላለን። ወደ አገር ቤት ለመደወል ከስልክ ሣጥኑ ፊት ተሰልፈን ባለ አምስት ማርክ ሳንቲሞች በጉንጫችን እንደ ከረሜላ እስክንይዝ ድረስ እናከማቻለን። ዘፈኑ በካሴት ነው፤ ካሴቱ ከሮም ይመጣል፣ ከእጅ ወደ እጅ ከመገልበጡ ብዛት ድምፃዊቷ ውኃ ውስጥ ሆና የምትዘፍን ይመስላል። ዛሬ ያው ዘፈን ጥርት ብሎ በስልኬ ይገኛል፤ ሳዳምጠው ግን የማውቀው ዘፈን አይደለም፤ ውኃው ጎድሎታል።

የምንሰበሰበው በጊንሃይም ሰፈር፣ አንድ የጀርመኖች ቤተ ክርስቲያን በለገሰን የምድር ቤት ክፍል ውስጥ ነበር። ከደረጃው አናት ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው፣ የአካባቢው ሰዎች በቀልድ ከሚበላ አትክልት ጋር የሚያመሳስሉትን ረጅም የቴሌቪዥን ማማ ያያል። ክፍሉ ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የማይዛመዱ ሃያ ወንበሮችና አንድ ቁም ሣጥን ነበሩ። በቁም ሣጥኑ ውስጥ ማኅተሙና የጌታነህ ኮምፒዩተር ይቀመጣሉ። ጌታነህ ያኔ የቴሌቪዥን መጠገኛ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ ጥፍሮቹ መካከል ሁልጊዜ የሻማ ጠብታ የመሰለ የብየዳ ቆርቆሮ የሚገኝ ሰው። ኮምፒዩተሩን የገዛው በሦስት ወር ቁጠባ ነው። ቁልፎቹና አንጎሉ በአንድ ሣጥን የሆኑ፣ ከቴሌቪዥን ጋር ካልተጋባ ምንም የማይናገር ማሽን ነበር። እኔ በዩኒቨርሲቲ የግእዝ ብራና መጻሕፍትን ፊልም የምመዘግብ ረዳት ነበርሁ፤ ማሽኑን መጀመሪያ ያየሁት በንቀት፣ ሁለተኛ ያየሁት በቅናት ነው።

ማኅበሩ ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች አንዱ ቀን መለወጥ ነበር። እያንዳንዱ አዲስ መጤ የጥምቀት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ ወይም የጋብቻ ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ቅጹ ግን የሚፈልገው የጀርመኑን ነው። ከዚያ በፊት በጣታችን እየቆጠርን እንለውጥ ነበር፤ ሦስት ሰው ሲቆጥር ሦስት ቀን ይወጣል። ጌታነህ ይህን የሚሠራ ፕሮግራም ጻፈ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከአንድ የታወቀ መነሻ ቀን ጀምሮ ቀኖቹን በሙሉ ይቆጥራል፤ በየአራት ዓመቱ ስድስት የምትሆነውን ጳጉሜን ደግሞ ዓመቱን ለአራት እያካፈለ ያስባል። መነሻውን መስከረም አንድ ቀን አደረገው፤ ዓመቱን ግን እርሱ የተወለደበትን ዓመት አደረገ። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ስጠይቀው፣ ከእርሱ በፊት የተወለደ ሰው ፍራንክፈርት ድረስ ምን ሊያደርግ ይመጣል ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሁላችንም ወጣቶች ነበርን፤ ወላጆቻችን የተዉናቸው ቦታ ላይ ለዘላለም የሚቆዩ ይመስለን ነበር።

ከዓመት በኋላ አንድ ድርጅት የቢሮ ኮምፒዩተርና ማተሚያ ለማኅበሩ ሰጠ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ግን የጌታነህ ፕሮግራም በአዲሱ ማሽን ላይ አይሠራም። ዛሬ ሰው አንድ ነገር በስልኩ ጀምሮ በሌላ ማሽን ላይ ይጨርሰዋል፤ በመካከሉ ስንት ሥርዓተ ክወና እንደተሻገረ አይጠይቅም። ያኔ ሁለት ኮምፒዩተሮች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ሁለት መነኮሳት ከሁለት ገዳም መጥተው በአንድ ክፍል እንደማደራቸው ነበር፤ አንዱ የሚጸልየውን ሌላው ይሰማል እንጂ አብሮ አያዜምም። የአንዱን ዲስክ ሌላው አይቀበልም። ስለዚህ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር በእጅ መገልበጥ ግድ ሆነ፤ ሥራውንም እኔ ወሰድሁ። ብራና የሚገለብጡ ጸሐፍትን ስሕተት እየመዘገብሁ የምኖር ሰው፣ ጥቂት ገጾች ቁጥር መገልበጥ ያቅተኛል ብዬ አላሰብሁም። ለተከታታይ አራት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጌታነህ ከቴሌቪዥኑ ላይ ያነባል፣ እኔ በአዲሱ ማሽን እጽፋለሁ። በአምስተኛው ቅዳሜ እርሱ አልነበረም። ያን ዕለት አንድ መስመር አልወደድሁትም። እርሱ ለአራት ካካፈለ በኋላ ትርፉን የሚቆርጥ ትእዛዝ ጨምሯል፤ አዲሱ ማሽን ግን አካፍሎ ትርፉን ራሱ የሚጥል አንድ ምልክት ነበረው። ምልክቱ አጭርና ንጹሕ ነው። ያንን ምልክት አስገባሁ። በሁላችንም ልደት ሞከርሁት፤ ሁሉም ልክ መጣ።

የሁለቱ ልዩነት ለማያውቅ ሰው እንዲገባ በሊፍት ልመስለው። ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መካከል ቢቆም፣ የጌታነህ ትእዛዝ ሁልጊዜ ወደ ታችኛው ፎቅ ያወርደዋል። እኔ ያስገባሁት ምልክት ግን ሊፍቱን ሁልጊዜ ወደ መሬት ወለሉ ይጎትተዋል። ከመሬት በላይ እስከሆኑ ድረስ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ወደ ታች ይወርዳሉ። ከመሬት በታች፣ ምድር ቤት ውስጥ ሲሆኑ ግን ይለያያሉ፤ አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው ይወጣል። የእኛ መሬት የጌታነህ የልደት ዓመት ነበር። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ሁሉ ምድር ቤት ነው፤ ለእርሱ አዲሱ ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ይጨምርበታል። ይህን የሚያሳይ ሰው ግን ገና አልመጣም ነበር።

መጀመሪያ የመጡት የደምሴ እናት ናቸው። ደምሴ ከእኛ አሥር ዓመት ያህል የሚያንስ፣ በአየር ማረፊያው ዕቃ ጫኝ የነበረ፣ ከደመወዙ ግማሹን እየላከ እናቱን ያስመጣ ልጅ ነው። ወይዘሮ አረጋሽ የመጡት በጥቅምት ብርድ፣ በነጭ ሸራ ጫማና በሁለት ነጠላ ነበር። ማኅበሩ ውስጥ ያሉት ወንዶች በሙሉ እርሳቸውን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ፖለቲካ የሚከራከሩትም ክርክሩን አቁመው ወንበር ይስቡላቸዋል። የጥምቀት ወረቀታቸው ኅዳር ሚካኤል ቀን እንደተወለዱ ይናገራል። ከመምጣታቸው በፊት ለመግቢያ ፈቃዱ ጌታነህ በራሱ ማሽን ለውጦ፣ ኖቬምበር ሃያ አንድ ብሎ፣ ፈርሞ ማኅተም አድርጎ ልኮላቸዋል። ከመጡ በኋላ ለመኖሪያ ፈቃዱ እንደገና ወረቀት ሲያስፈልግ በአዲሱ ኮምፒዩተር ታተመ፤ ያኛው ሃያ ሁለት ይላል። በሁለቱም ላይ የጌታነህ ፊርማ አለ። መሥሪያ ቤቱ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ አንዲት ሴት በሁለት ቀን ስለማትወለድ ከአገር ቤት ሌላ የተረጋገጠ ማስረጃ እንዲመጣ ጠየቀ። በእነርሱ ቦታ ብሆን እኔም የምጠይቀው እርሱኑ ነበር።

ስብሰባ ተጠራ። ክፍሉ ሞላ፤ እርጥብ ካፖርቶች በማሞቂያው ላይ ተደርበው ይጨሳሉ። ሁለቱ ኮምፒዩተሮች በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጌታነህ የወይዘሮ አረጋሽን ልደት በአንዱ አስገባ፤ ሃያ አንድ አለ። በሌላው አስገባ፤ ሃያ ሁለት አለ። ደግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። ከኋላ አንድ ሰው፣ አንደኛው ኦርቶዶክስ ሌላው ካቶሊክ ሆኖ ይሆናል ብሎ ቀለደና ሳቅ ሆነ። ደምሴ ግን አልሳቀም። «እናቴ አንድ ጊዜ ነው የተወለደችው። ሁለት ቀን ከየት አመጣችሁባት?» አለ። ጌታነህ ፕሮግራሙ አንድ እንደሆነ፣ ማሽኖቹ ብቻ እንደሚለያዩ ለማስረዳት ሞከረ። በዚያ ዘመን በመካከላችን ያለው መጠራጠር ብዙ ነበር፤ ማን የማን ሰው እንደሆነ ሁልጊዜ ይንሾካሾካል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጥያቄው ስለ ማሽኖቹ መሆኑ ቀርቶ፣ ጌታነህ ሰነድ ይነካካል ወይስ አይነካካም ወደሚለው ዞረ።

ወይዘሮ አረጋሽ ከጥግ ሆነው ይሰሙ ነበር። «እኔ የተወለድሁት በዘመነ ማርቆስ ነው፤ እናቴ ነግራኛለች» አሉ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። ሊቀ መንበሩ በአክብሮት አጎነበሰላቸውና፣ እማማ፣ የጀርመን ቢሮ ወንጌላዊውን አይጠይቅም አላቸው። ያ ክፍል የዓለምን ታሪክ ከሥሩ ጀምሮ በሚተነትኑ ሰዎች የተሞላ ነበር፤ ዘመነ ማርቆስ ማለት የትኛው ዓመት እንደሆነ የሚያውቅ ግን አንድም አልነበረም። ከአንድ ሰው በቀር። እኔ በየቀኑ በብራናዎች መጨረሻ ላይ ያለውን የዘመን አቆጣጠር እያነበብሁ እኖር ነበር። በወረቀታቸው ላይ ባለው ዓመት ላይ አምስት ሺህ አምስት መቶ ጨመርሁ፣ ለአራት አካፈልሁ፤ ሁለት ተረፈ። ሁለት ማርቆስ ነው። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው ዘመነ ዮሐንስ ሊገባ ሲል ብቻ ስለሆነ፣ ለማርቆስ አዲስ ዓመት መግቢያ የነበረችው ጳጉሜን አምስት ናት፤ ኅዳር ሚካኤልም ኖቬምበር ሃያ አንድ ቀን ይውላል። ጌታነህ ልክ ነበር። አዲሱ ማሽን ተሳስቷል፤ በአዲሱ ማሽን ላይ ያለውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ያሰብሁት ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ ስትገለብጥ የቀየርኸው ነገር አለ ወይ ብሎ ከመጠየቁ በፊት ነው።

«እንዳለ ነው የገለበጥሁት» አልሁ።

ስለ ምክንያቱ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። በዚያ ክፍል ውስጥ ሰዎች ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ ሰው ሲያዞሩ አይቻለሁ፤ ወደ እኔ እንዲዞሩ አልፈለግሁም። ይኸው ነው። ጌታነህ ለአፍታ አየኝ፤ ጥርጣሬ በፊቱ ላይ አልነበረም፤ ያየኝ መልስ እንደተሰጠው ሰው ነው። ማኅተሙን ከቁም ሣጥኑ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ኮምፒዩተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ወጣ። ገመዱ ተንጠልጥሎ ነበር፤ በደረጃው ላይ ሲወጣ ሶኬቱ እያንዳንዱን ደረጃ ሲመታ ሰማሁ።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ የጻፍሁትን መስመር አገኘሁት። ከማረሜ በፊት ግን ፕሮግራሙን እንዳለ አተምሁት፤ የመዝገብ ሰው ስለሆንሁ የምደመስሰውን ነገር ቅጂ ሳላስቀር አልደመስስም። ከዚያ ምልክቱን አውጥቼ የጌታነህን ትእዛዝ መለስሁ፤ ለማንም አልነገርሁም። ኮምፒዩተሩ ከዚያ በኋላ ለብዙ እናቶችና አባቶች ትክክለኛ ቀን ሰጠ፤ ሰዎችም የጌታነህን ስሕተት ዶክተሩ አስተካከለው አሉ። ወይዘሮ አረጋሽ ማስረጃውን ራሳቸው ሊያመጡ ወደ አገር ቤት ሄዱ። ወረቀቱ ዘገየ፤ ከዚያ ጉልበታቸው ደከመ፤ በሦስተኛው ዓመት እዚያው ዐረፉ። ደምሴ ያለቀሰው በዚያው በጊንሃይሙ ክፍል ነው። እኔም ከሌሎቹ ጋር ቆሜ አጽናንቼዋለሁ።

አሁን ወደ ኒድ ልመለስ። ጌታነህ የሚኖረው ከኒዳ ወንዝ ብዙ በማይርቅ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ላፕቶፕ ነበር፤ በማያው ላይ ሦስት መስኮቶች ተከፍተዋል። በአንደኛው ውስጥ የያኔው ቡናማ ማሽኑ፣ በሁለተኛው የማኅበሩ የቢሮ ኮምፒዩተር፣ በሦስተኛው የዛሬው ማሽን ራሱ ይሠራሉ። የሞቱትን ማሽኖች በአዲሱ ሆድ ውስጥ የሚያስነሣ ፕሮግራም እንዳለ ያስረዳኝ ሐኪም ስለ ሕመምተኛው እንደሚናገር ነው። ፕሮግራሙን ከድሮ ደብተሩ ላይ እንደገና ጽፎ በሦስቱም ላይ አስኪዶታል። በገበያው የገዛው አሮጌ ማሽን ደግሞ መስኮቶቹን የሚያመሳክርበት ምስክር ነው።

«ያልሞከርሁት ዓመት የለም። ሁሉም ልክ ነው» አለኝ። «የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። አንተ እንዳለ ገልብጠኸዋል፤ ስለዚህ ስሕተቱ የግድ እዚህ ውስጥ አለ። የሴትዮዋን ነገር ሳልፈታው ዓይኔ መሄዱ ነው።»

ስለ ዓይኑ የሰማሁት ያኔ ነው። በኅዳር ክሊኒክ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ አለው፤ ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ማንበብ ስለ መቻሉ ዋስትና አልሰጠውም። አምስት ዓመት ሙሉ፣ ጡረታ ከወጣበት ቀን ጀምሮ፣ በየማለዳው ተቀምጦ የሌለ ስሕተት ይፈልጋል። አንድ ነገር ትዝ የሚለኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ላስብበት ብዬ ተነሣሁ። በአውቶቡሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ ልጅ እናቱ በአማርኛ ስትጠይቀው በጀርመንኛ ይመልስ ነበር፤ ሁለቱም ሳይቸገሩ ይግባባሉ።

ወረቀቱ ከቤቴ ሥር ባለው የዕቃ ማስቀመጫ፣ በፊልም ሣጥኖች መካከል ነበር። በሁለት ጠርዙ ቀዳዳ ያለው፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ የዚያ ዘመን ወረቀት ነው፤ ቀለሙ ወደ ግራጫ ሄዷል። በሳምንቱ ይዤው ወደ ኒድ ተመለስሁ። አልተቀመጥሁም። ወረቀቱን ከላፕቶፑ አጠገብ ዘርግቼ፣ የአዲሱ ማሽን ፕሮግራም እኔ ከማረሜ በፊት እንዲህ ነበር አልሁት። ጌታነህ ማጉያ መነጽሩን አንሥቶ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረ። አልተቻኮለም። ጣቱ በየመስመሩ እየወረደ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ወደ ላፕቶፑ ዞረና ያንን ምልክት በሁለተኛው ማሽን ውስጥ አስገባ፤ የወይዘሮ አረጋሽን ልደት ጻፈ፤ ማሽኑ ሃያ ሁለት አለ። «ሃያ ሁለት» ብሎ ደገመው፣ ጠፍቶበት የኖረ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እንዳገኘ ሰው።

«መቼ አወቅህ?» አለኝ።

«አንተ ልክ እንደሆንህ እዚያው ስብሰባ ላይ። መስመሩን በሁለት ሳምንቱ።»

ማጉያ መነጽሩን ወረቀቱ ላይ አኖረ። ከታች ያለው ጎረቤት የብስክሌት ጎማ ሲነፋ ይሰማል። «ስለዚህ የእኔ ደኅና ነበር» አለ በመጨረሻ። ቁጣውን ጠብቄ ነበር፤ እርሱ ግን የላፕቶፑን መስኮቶች አንድ በአንድ ዘጋና፣ ሠላሳ ዓመት የራሱን ቤት ሲፈትሽ መኖሩን ለራሱ እንደሚናገር ሰው ተናገረ። ቀጥሎም መነሻውን በራሱ ልደት ማድረጉ የእርሱ ጥፋት እንደሆነ፣ እናቶቻችን ይመጣሉ ብሎ እንዳላሰበ ጨመረ። ይህን ያህሉን ድርሻ አልከለከልሁትም። ልሰናበተው ስል እስከ በሩ ሸኘኝ።

«ለእኔ የነገርኸውን ለደምሴ ንገረው፤ ከዚያም እዚያው በተባለበት ማኅበር ፊት። ሻይ የምጋብዝህ ከዚያ በኋላ ነው፣ ዶክተር።»

ማኅበሩ ፊት የምናገረው ይኸው በዚህ ጽሑፍ ነው። ወደ ደምሴ ግን በእግሬ መሄድ ነበረብኝ። የሚኖረው ሽቫንሃይም፣ ከከተማው ደን አጠገብ ነው። ትራሙ ወደ መጨረሻው ፌርማታ ሲቃረብ ዛፎቹ ከመስኮቱ ጋር ይቀራረባሉ። ደምሴ ዛሬ ጸጉሩ ነጭ ነው፤ ከአየር ማረፊያው ሊሰናበት ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ሳሎኑ ውስጥ የእናቱ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ሁለቱን ነጠላ ደርበው፣ ብርድ እንደያዘው ሰው እጃቸውን አጣምረው። ከፎቶግራፉ ሥር ስማቸውና የልደት ቀናቸው በጀርመንኛ ታትሞ ተለጥፏል፤ ኖቬምበር ሃያ ሁለት ይላል። የመጨረሻው ወረቀት የሚለው ይህን ስለነበር ለመታሰቢያቸው ያሠራው በዚሁ ነው።

ቆሜ ሁሉንም ነገርሁት፤ ወረቀቱን አሳየሁት፤ ሊፍቱንም እንኳ መሰልሁለት። እርሱ በስብሰባው በጌታነህ ላይ የተናገረው ቃል ያለቦታው የዋለው በእኔ ምክንያት እንደሆነ ነገርሁት። ጌታነህ በራሱ ማሽን የሠራው ወረቀት ወደዚህ አገር አስገብቷቸው ሳለ፣ እናቱ ተመልሰው የሄዱት በእኔ ምልክት በተበላሸው ሁለተኛ ወረቀት ምክንያት እንደሆነ ነገርሁት። ሲሰማኝ ጣቶቹን በጉልበቱ ላይ እንደጫነ ነው። ስጨርስ የጠየቀኝ ስለ ኮምፒዩተሩ አልነበረም።

«እናቴ ዘመነ ማርቆስ ነው ብላ ነበር። ልክ ነበረች?»

«ልክ ነበሩ። ከዚያ ክፍል ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ልክ የነበሩት እርሳቸውና ጌታነህ ናቸው።»

ተነሥቶ ፎቶግራፉን ከግድግዳው አወረደ። የፍሬሙን ጀርባ ከፍቶ የታተመውን ቁራጭ ወረቀት ነቅሎ አወጣ፤ በልኩ ሌላ ነጭ ወረቀት ቆርጦ ከእስክሪብቶ ጋር በፊቴ አኖረው። «እርስዎ ይጻፉት» አለኝ። ከድሮ ጀምሮ አንቱ ይለኝ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን አንቱታው ሌላ ክብደት ነበረው። ተቀመጥሁ። ብራና እንደሚጻፍ፣ ፊደሉን ሳላቻኩል፣ ወይዘሮ አረጋሽ፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት በዘመነ ማርቆስ ተወለዱ ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ የጀርመኑን ቀን ልጨምር እስክሪብቶውን ሳነሣ፣ እጄን ያዘኝ።

«እሱ ይቅር» አለ።